መልእክቱን የላከው የትኛው ሕዋስ ነው?

ማርች 13 ቀን 2006፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት ነው። በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ በኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ግቢ ባለ የመድኃኒት መሞከሪያ ክፍል ስምንት ጤነኛ ወጣት ወንዶች አልጋ ይዘዋል። በአሥር አሥር ደቂቃ ያህል ልዩነት፣ ተራ በተራ፣ በክንዳቸው የደም ሥር ፈሳሽ ተሰጣቸው። ለሁለቱ የተሰጠው መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ነበር። ለስድስቱ ግን ቲጂኤን1412 የተባለ፣ ከዚያ ቀን በፊት ወደ ሰው ሰውነት ገብቶ የማያውቅ አዲስ መድኃኒት ተሰጠ።

አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ራስ ምታቱ ጀመራቸው። የወገብ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ትኩሳት ተከተለ። የደም ግፊታቸው ወረደ፤ ልባቸው በፍጥነት ይመታ ጀመር። ከዚያም ሳንባቸውና ኩላሊታቸው ታወከ፤ ስድስቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። የተሰጣቸው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.1 ሚሊግራም ብቻ ነበር። በቅድመ ሙከራው ጦጣዎች የዚህን 500 እጥፍ ተወግተው ደህና ነበሩ። ስድስቱም ወጣቶች በሕይወት ተርፈዋል፤ ሕመሙ እጅግ የጠናበት አንዱ ግን የእግር ጣቶቹንና የአንዳንድ የእጅ ጣቶቹን ጫፍ አጥቷል።

ደማቸው ሲመረመር ሳይቶካይን የሚባሉት ፕሮቲኖች ከልክ በላይ ሞልተውበት ተገኘ። እነዚህ ፕሮቲኖች የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡባቸው ናቸው። አንዱ ሕዋስ አምርቶ ይለቃቸዋል፤ ሌላው በገጹ ላይ ባለ ተቀባይ ይይዛቸዋል፤ ያኔ ተቀባዩ ሕዋስ ይባዛል፣ ወይም ይነሣል፣ ወይም ይረጋጋል። በመጀመሪያዋ ሰዓት ከፍ ያለው ቲኤንኤፍ ነው። ኢንተርሉኪን 2፣ ኢንተርሉኪን 6፣ ኢንተርሉኪን 10 እና ኢንተርፌሮን ጋማ አከታትለው ወጡ። በዚያው ቀን ውስጥ ደግሞ ሊምፎሳይት እና ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከደማቸው ጠፉ ለማለት እስኪያስደፍር አነሱ።

የላብራቶሪው ወረቀት በአንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንዳለ ጽፏል። ፕሮቲኑን ያመነጨው ማን እንደሆነ ግን በወረቀቱ ላይ የለም። ተጠርጣሪዎቹ ሕዋሳት ራሳቸው ከደሙ ወጥተው ሄደዋል። በጦጣ ላይ ያልታየው ጉዳት በሰው ላይ ለምን እንደታየ ሊገለጥ የሚችለው ግን ለዚያ ጥያቄ መልስ ሲገኝ ብቻ ነበር። አራት ዓመት ፈጀ።

ጥያቄው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ብዙ ቤት ባለበት ግቢ ቡና ሲቆላ ሽታው ሁሉም በር ላይ ይደርሳል፤ የማን ቤት እንደሚቆላ ግን ሽታው አይናገርም። ሳይቶካይንም እንዲሁ ነው። ከሕዋሱ ከወጣ በኋላ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፣ ስምም አድራሻም የለውም። አንድን ሳይቶካይን የሚያመርቱ የሕዋስ ዓይነቶች ብዙ መሆናቸው ነገሩን የባሰ ያወሳስበዋል። ኢንተርሉኪን 6ን ሞኖሳይት ያመርታል፤ የደም ሥር ግድግዳ ሕዋስም ያመርታል። ኢንተርፌሮን ጋማን ከሊምፎሳይት ወገን የሆኑት ሲዲ4 ቲ ሕዋስ፣ ሲዲ8 ቲ ሕዋስ እና ኤንኬ የሚባለው ሕዋስ ሁሉም ያመነጩታል። ስለዚህ ሕዋሱን ገና ፕሮቲኑን ይዞ ሳለ፣ ከመልቀቁ በፊት መያዝ ያስፈልጋል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንዲት የደም ብልቃጥ እንከተል።

ከአንድ ሰው ክንድ አሥር ሚሊሊትር ደም ይቀዳል። ደሙ ቀጥኖ፣ ፊኮል የተባለ ከውኃ የከበደ ጥርት ያለ ፈሳሽ ላይ ቀስ ተብሎ ይንቆረቆራል፤ ሁለቱ እንዳይደባለቁ የባለሙያዋ እጅ መርጋት አለበት። ከዚያ ሴንትሪፉጅ ውስጥ ይሽከረከራል። ሲወጣ ቀይ የደም ሕዋሳት ከታች ዘቅጠዋል፣ ቢጫው ፈሳሽ ከላይ ቀርቷል፣ በመካከል ደግሞ ስስ፣ ነጣ ያለች፣ ደመና የመሰለች ቀለበት ትታያለች። የምትፈለገው እርሷ ናት። አርነ ቦዩም የተባለ የኦስሎ ተመራማሪ ይህን ዘዴ በ1968 ካሳወቀ ወዲህ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ያሉ የበሽታ መከላከያ ላብራቶሪዎች ሥራቸውን በዚህች ቀለበት ይጀምራሉ። ከአንድ ሚሊሊትር ደም አንድ ወይም ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት ይገኙባታል።

እነዚህ ሕዋሳት በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ በሰውነት ሙቀት ማለት ነው፣ ለሰዓታት ይቆያሉ። የሚያነቃቃቸው ነገር ይጨመርባቸዋል፦ የቲቢ ተሕዋስ ፕሮቲን፣ ወይም የቫይረስ ቁራጭ፣ ወይም ሁሉንም በአንድነት የሚቀሰቅስ ኬሚካል። ቀጥሎ ብልሃቱ ይመጣል። ብሬፌልዲን ኤ የሚባል ንጥረ ነገር ሲጨመር በሕዋሱ ውስጥ የፕሮቲን ማጓጓዣው መንገድ ይዘጋል። ሕዋሱ ማምረቱን ይቀጥላል፤ ማስወጣት ግን አይችልም። ያመረተው እሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል።

ከዚያ ሕዋሱ ባለበት እንዲጸና በፎርማልዴሃይድ ዓይነት ኬሚካል ይጠነክራል፣ ሽፋኑም በሳፖኒን ይበሳሳል። ሳፖኒን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በላብራቶሪ የሚሠራበት ከደቡብ አሜሪካ ዛፍ ልጣጭ የሚወጣ ቢሆንም እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ አረፋ የሚያወጣው በዚሁ ዝርያ ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ግርጌ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የቢልሃርዚያ ምርምራቸውን የጀመሩበት እንዶድ ማለቴ ነው። ቀንድ አውጣውን የሚጎዳው ሳፖኒን የሕዋስ ሽፋንን መብሳት ይችላል፤ ላብራቶሪውም የሚፈልገው ይህንኑ ጠባይ ነው። በስቶክሆልም የነበሩ ተመራማሪዎች ማጠንከሪያውንና ሳፖኒኑን አጣምረው ሕዋስ ውስጥ ያለ ሳይቶካይንን በማይክሮስኮፕ ማሳየት እንደሚቻል በ1991 አሳተሙ።

በተበሳሳው ሽፋን በኩል ፀረ እንግዳ አካላት ይገባሉ። እያንዳንዱ ፀረ እንግዳ አካል አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነው፤ በላዩም በብርሃን ሲመታ የሚያበራ ቀለም ተለጥፎበታል። አንዱ ኢንተርፌሮን ጋማን ይይዛል፣ ሌላው ቲኤንኤፍን። በውጭ በኩል ደግሞ ሌሎች የሕዋሱን ማንነት የሚናገሩ ምልክቶችን ይይዛሉ፦ ሲዲ3 የቲ ሕዋስ ነው፣ ሲዲ19 የቢ ሕዋስ፣ ሲዲ14 የሞኖሳይት፣ ሲዲ56 የኤንኬ። «ሲዲ ፎር» የሚለውን ስም የኤችአይቪ ክትትል ያለበት ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐኪሙ «ሲዲ ፎርህ ስንት ደረሰ?» ሲል የሚቆጥረው ይህ ምልክት በላያቸው ያለባቸውን ቲ ሕዋሳት ነው። ይህን ሁሉ የሚያስችለው፣ ለአንድ ዒላማ ብቻ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካልን ያለ ገደብ ማምረት መቻሉ ነው። ጆርጅ ኮለር እና ሴዛር ሚልስታይን በካምብሪጅ በ1975 ዘዴውን ሠርተው በ1984 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

በመጨረሻ ሕዋሳቱ በፍሎው ሳይቶሜትር ያልፋሉ። መሣሪያው በቀጭን ቱቦ በነጠላ ሰልፍ ያሰልፋቸውና በየአንዳንዱ ላይ ሌዘር ያበራል። በሴኮንድ ሺህ ሕዋሳት ያልፋሉ። ከእያንዳንዱ የሚመለሰው የብርሃን ቀለም ተመዝግቦ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ ይሆናል። ባለሙያዋ ነጥቦቹ የተሰበሰቡበትን ታያለች፦ ሲዲ3 ያለው፣ ሲዲ4 ያለው፣ ኢንተርፌሮን ጋማ በውስጡ ያለው። በዚያች ቅጽበት ፕሮቲኑ ባለቤት አገኘ።

ነገር ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ በዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ ሲስት አያለሁ። በብርቱ ኬሚካል የተቀሰቀሰ ሕዋስ የሚያሳየው ሊያመርት የሚችለውን ነው። በሰውየው ሰውነት ውስጥ በዚያ ሰዓት እያመረተ የነበረውን ግን አያሳይም። ብሬፌልዲን ባይኖር በደሙ ውስጥ የሚታየው መጠን፣ ብሬፌልዲን ሲኖር የሚታየው ማንነት፤ ሁለቱን አስማምቶ ማንበብ ሙያ ይጠይቃል።

በለንደኑ ጉዳይ ከመጀመሪያው ያሳሳተው በላብራቶሪ የተደረገው ሙከራ ነበር። መድኃኒቱ በፈሳሽ መልክ ከሰው የደም ሕዋሳት ጋር ሲቀላቀል ምንም ሳይቶካይን አልወጣም። ከአደጋው በኋላ የእንግሊዝ የሥነ ሕይወት ደረጃዎች ብሔራዊ ተቋም ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ፕላስቲክ ላይ አድርቀው ሕዋሳቱን በላዩ ሲያደርጉ ግን ሳይቶካይን በብዛት ፈሰሰ። ያኔ «ማነው?» የሚለውን በዚያች የብርሃን ሰልፍ መጠየቅ ተቻለ። በ2010 ያሳተሙት መልስ አብዛኛውን የለቀቁት ሲዲ4 ያላቸው የትዝታ ቲ ሕዋሳት፣ በተለይም ዳግመኛ ጠላት ሲያዩ ወዲያው ለመነሣት የተዘጋጁት ክፍላቸው መሆናቸውን አሳየ። መድኃኒቱ የሚይዘው ሲዲ28 የተባለ ተቀባይ በእነዚህ የሰው ሕዋሳት ላይ አለ። ለሙከራ በዋሉት ጦጣዎች ተመሳሳይ ሕዋሳት ላይ ግን የለም። ጦጣዎቹ 500 እጥፍ ተሰጥቷቸው ያልታመሙት ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ሊቀሰቅሰው የሚችለው ሕዋስ በእነርሱ ዘንድ በሩ ዝግ ነበር።

የትዝታ ሕዋስ ከሕይወት ታሪክ የሚገኝ ነው። ሰው ጉንፋን፣ ኩፍኝ፣ የአንጀት ተባይና ክትባት እያለፈበት ሲያድግ የትዝታ ሕዋሳቱ ይበዛሉ። ስለዚህ «የትኛው ሕዋስ?» የሚለው ጥያቄ «ይህ ሰው ምን ዓይነት ሕይወት ኖረ?» ከሚለው አይለይም። ወደ አገራችን ስንመጣ ይህ ጉዳይ ትልቅ ቦታ ይይዛል።

ከዚያ በፊት ግን ከዚህ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝን ታሪክ ልንገራችሁ። ስለ ኢንተርፌሮን ነው፤ ከላይ ካነሣሁት ከኢንተርፌሮን ጋማ የተለየው ወገን።

በ1957 በሰሜን ለንደን ሚል ሂል በነበረው የሕክምና ምርምር ብሔራዊ ተቋም አሊክ አይዛክስ እና ከስዊዘርላንድ የመጣው ዣን ሊንደንማን በዶሮ እንቁላል ሽፋን ላይ ይሠሩ ነበር። በሙቀት የገደሉትን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሽፋኑ ቁራጮች ጋር አቆዩት። ቀጥሎ ፈሳሹን ብቻ ወስደው አዲስ ሽፋን ላይ ሲያደርጉት አዲሱ ሽፋን ሕያው ቫይረስን ተቋቋመ። ከሽፋኑ ሕዋሳት የወጣና ሌሎችን የሚያስጠነቅቅ ነገር በፈሳሹ ውስጥ አለ ማለት ነው። ኢንተርፌሮን አሉት።

በዓመቱ፣ በ1958፣ ካርል ሌነርት እና ባልደረባው ጀርመን ውስጥ የሰው ንፍፊት ቁራጮችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ክብ፣ ወፍራም፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትን ሕዋሳት የሚመስሉ ግን እነርሱን ያልሆኑ ሕዋሳትን ገለጹ። ምን እንደሚሠሩ የሚያውቅ አልነበረም። ለአርባ ዓመት ያህል ስም ሲቀያየርላቸው ኖረ፤ አንዱ የቲ ሕዋስ ዘመድ ናቸው ይላል፣ ሌላው የሞኖሳይት።

በዚያው ዘመን ኢንተርፌሮን የሚያጠኑት በሌላ መንገድ ይሄዱ ነበር። ሄልሲንኪ ውስጥ ካሪ ካንቴል ከደም ባንክ የሚተርፉ ነጭ ሕዋሳትን ሰብስቦ በቫይረስ እየቀሰቀሰ ለሕክምና የሚሆን ኢንተርፌሮን ያመርት ነበር፤ ሕዋሳቱ ግን ድብልቅ ነበሩ። በ1980ዎቹ የአሜሪካና የስዊድን ተመራማሪዎች ድብልቁን እየለዩ ሲሄዱ ግራ የሚያጋባ ነገር አገኙ። በቫይረስ ሲነኩ አብዛኛውን ኢንተርፌሮን የሚለቁት በጣም ጥቂት ሕዋሳት ናቸው፤ ቲም አይደሉም፣ ቢም አይደሉም፣ ሞኖሳይትም አይደሉም። ኒውዮርክ ውስጥ ኤድስ በተከሰተበት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍሬድሪክ ሲጋልና ባልደረቦቹ የሕሙማኑ ደም ኢንተርፌሮን የማምረት አቅሙ ሲከስም አጋጣሚ በሽታዎች እንደሚበረቱባቸው አስተዋሉ። አምራቹን ሕዋስ ግን በእጃቸው ሊይዙት አልቻሉም፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላምና።

ከዚያ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። በ1997 ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን አጠገብ ባለ ላብራቶሪ የዮንግ ጁን ሊዩ ቡድን ከቶንሲል የለያቸውን እነዚያን እንግዳ ክብ ሕዋሳት ቢያሳድጋቸው ቅርንጫፍ አውጥተው ደንድሪቲክ ወደሚባለው የሕዋስ ዓይነት ተለወጡ። በ1999 የሲጋልና የሊዩ ቡድን በአንድ በኩል፣ በባዝል የነበሩት ማሪና ቼላና ማርኮ ኮሎና፣ ጣሊያን ውስጥ ከነበረው ከፋብዮ ፋኬቲ ጋር፣ በሌላ በኩል፣ ሌነርት በ1958 ያየው ሕዋስና አይዛክስ በ1957 ያገኘውን ፕሮቲን በደም ውስጥ በገፍ የሚያመርተው ሕዋስ አንድ መሆናቸውን አስታወቁ። ፕላዝማሳይቶይድ ደንድሪቲክ ሕዋስ ይባላል። በቫይረስ ሲነካ ከሌሎች የደም ሕዋሳት መቶዎች እጥፍ፣ እስከ ሺህ እጥፍ የሚደርስ ኢንተርፌሮን ይለቃል።

ፕሮቲኑና ሕዋሱ በአንድ ዓመት ልዩነት ተገኝተው ለመገናኘት ከአርባ ዓመት በላይ ወሰደባቸው። ሕዋሱን መለየት፣ ፕሮቲኑን መለየት፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ በአንድ ሕዋስ ላይ ማየት፤ ይህን የሚያደርግ መሣሪያና ፀረ እንግዳ አካል እስኪገኝ ድረስ ብልህነት ብቻውን አልበቃም።

ጥቅሙ ወዲያው ታየ። ሉፐስ በሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ሴቶችን በሚያጠቃው በሽታ፣ እነዚህ ሕዋሳት ቫይረስ ሳይኖር ኢንተርፌሮን ማምረታቸውን እንደሚቀጥሉ ታወቀ። አኒፍሮሉማብ የተባለው፣ የኢንተርፌሮንን ተቀባይ የሚዘጋው መድኃኒት በ2021 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። በተቃራኒው በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሕመሙ ለሕይወታቸው ካሰጋቸው 987 ሰዎች 101ዱ በደማቸው ውስጥ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘባቸው። ከ101ዱ 95ቱ ወንዶች ነበሩ። ሕዋሱ መልእክቱን ልኳል፣ መልእክቱ ግን መንገድ ላይ ተይዟል።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ዘነበወርቅ አካባቢ ከአለርት ሆስፒታል ጎን አርመር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ አህሪ፣ ይገኛል። በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ የተቋቋመው የሥጋ ደዌን ለመመርመር ነበር፤ ስሙም የበሽታውን ተሕዋስ በ1873 ኖርዌይ ውስጥ ላገኘው ለገርሃርድ አርመር ሃንሰን መታሰቢያ ነው።

የሥጋ ደዌ ለዚህ ጥያቄ የተፈጠረ በሽታ ይመስላል። ተሕዋሱ አንድ ነው፤ የሚያስከትለው ሕመም ግን ሁለት ዳር አለው። በአንዱ ዳር ያለው ሕመምተኛ ቆዳው ላይ ጥቂት ደረቅ ቦታዎች ብቻ ይታያሉ፤ በውስጣቸው ተሕዋስ ተፈልጎ አይገኝም ማለት ይቻላል። በሌላው ዳር ያለው ቆዳው በብዙ ቦታ ያብጣል፣ በተሕዋስም ይሞላል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቶሬ ጎዳል የሚመራው የአህሪ ቡድን ከሕሙማን ደም የተለዩ ሊምፎሳይቶችን ከሥጋ ደዌ ተሕዋስ ጋር እያቆየ ምላሻቸው በበሽታው ዳሮች መካከል እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚቀንስ አሳየ። ጎዳልና ነጋሲ በ1973 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከሕሙማን ጋር የኖሩ ጤነኞች ብዙዎቹ ሊምፎሳይታቸው ተሕዋሱን እንደሚያውቅ ታየ። ማለትም ተሕዋሱ ብዙዎችን ይነካል፤ የሚያሸንፈው ግን ጥቂቶቹን ነው። በሥጋ ደዌ የታመመን ሰው ለዘመናት ስናገልል ለኖርን ሕዝቦች ይህ ግኝት ትልቅ ነገር ነበር።

በዚያን ጊዜ መለካት የሚቻለው ሕዋሱ መባዛቱ ብቻ ነበር። ምን እንደላከ አይታወቅም። በ1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቲም ሞስማን እና ሮበርት ኮፍማን የአይጥ ሲዲ4 ሕዋሳት በሚለቁት ሳይቶካይን በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ አሳዩ፦ አንዱ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚለቅ፣ ሌላው ኢንተርሉኪን 4 የሚለቅ። በ1991 የሮበርት ሞድሊን ቡድን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሥጋ ደዌ ቁስሎች ቁራጭ ወስዶ ሲመረምር ክፍፍሉ በሰው ቆዳ ላይ ተጽፎ አገኘው። ተሕዋሱ በተሸነፈበት ቁስል ኢንተርሉኪን 2 እና ኢንተርፌሮን ጋማ፤ ተሕዋሱ በረታበት ቁስል ኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 10 በዝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍፍሉ ሁለት ብቻ እንዳልሆነ ታውቋል፤ መሠረቱ ግን አልተናደም።

ይኸው እውቀት ዛሬ በቲቢ ምርመራ ላይ ይሠራበታል። የሰው ደም ከሁለት የቲቢ ተሕዋስ ፕሮቲኖች፣ ኢሳት 6 እና ሲኤፍፒ 10 ከሚባሉት፣ ጋር ይቆያል። የሰውየው ቲ ሕዋሳት ተሕዋሱን የሚያውቁ ከሆነ ኢንተርፌሮን ጋማ ይለቃሉ። ሁለቱ ፕሮቲኖች በቢሲጂ ክትባት ውስጥ ስለሌሉ የተከተበ ሰው በስሕተት ተሕዋሱ ይዞታል አይባልም። በአንደኛው ዓይነት ምርመራ እያንዳንዱ ሕዋስ በቆመበት ቦታ አንዲት ነጥብ ትቶ ያልፋል፤ ነጥቦቹን መቁጠር ላኪዎቹን መቁጠር ነው። ጎተንበርግ ላይ ሴሲል ቸርኪንስኪና ባልደረቦቹ በ1983 ለፀረ እንግዳ አካል የሠሩት ዘዴ ነበር፤ በ1988 ለኢንተርፌሮን ጋማ አዋሉት። የቲቢ ምርመራው ተሕዋሱ ተኝቶ ያለበትን ሰውና በቲቢ የታመመውን አይለይም፤ ሲዲ4 ሕዋሳቱ ባነሱ የኤችአይቪ ሕመምተኛ ላይም ሊስት ይችላል፤ ላኪው ራሱ አልቋልና።

አሁን ከላይ ወዳነሣሁት የትዝታ ሕዋስ ጉዳይ ልመለስ። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ይሠራ የነበረው የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ደም ከጤነኛ ሆላንዳውያን ጋር ሲያስተያይ የኢትዮጵያውያኑ ገና ጠላት ያላዩ ቲ ሕዋሳት አነሱ፤ የነቁትና የትዝታዎቹ በዙ። ውጤቱ በ1999 ታተመ። በእስራኤል ደግሞ በረሆቮት የዝቪ ቤንትዊች ቡድን ከኢትዮጵያ በቅርቡ የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ሲመረምር ተመሳሳይ ነገር አየ፤ ከአንጀት ጥገኛ ትላትል ጋርም አያያዘው። ለዓመታት በእስራኤል በኖሩትና ለትላትሉ በታከሙት ላይ ለውጡ ይቀንስ ነበር። ዘር ቢሆን ኖሮ በመድኃኒት ባልተለወጠ።

ከዚያም በኢትዮጵያ ዳንኤል ኤልያስና ባልደረቦቹ የአንጀት ትላትል ያለባቸውን ሰዎች ከፍለው ለአንዱ ወገን አልቤንዳዞል፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጡ፤ ከሁለቱም ወገን በቆዳ ምርመራ ለቲቢ ምላሽ ያላሳዩትን ቢሲጂ ከተቡ። የታከሙት ሰዎች ሕዋሳት ለቲቢ ፕሮቲን የሚለቁት ኢንተርፌሮን ጋማ ተሻለ። በ2001 የታተመው ይህ ጥናት ለእኔ በአገራችን ከተሠሩት ሁሉ ሊነበቡ ከሚገባቸው አንዱ ነው። አንድ ርካሽ የትል ክኒን የትኛው ሕዋስ ምን እንደሚልክ ሲለውጥ አሳይቷልና።

መሣሪያዎቹ በዚህ አልቆሙም። ከ2009 ወዲህ በቀለም ፈንታ ብርቅ ብረቶችን በፀረ እንግዳ አካል ላይ ለጥፎ በአንድ ሕዋስ ላይ አርባ ያህል ምልክቶችን በአንድ ጊዜ የሚለካ መሣሪያ አለ። የአንድን ነጠላ ሕዋስ የዘረመል መልእክት የሚያነብም አለ። የኋለኛው ትልቅ ጉልበት ነው፤ ሆኖም የዘረመል መልእክት መኖሩ ፕሮቲኑ ተልኳል ማለት አይደለም። የኢንተርሉኪን 1ን መልእክት ጽፎ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ እስኪመጣ ፕሮቲኑን ይዞ የሚጠብቅ ሕዋስ አለ። ስለዚህ ያቺ በሳፖኒን የምትበሳሳ ሕዋስና ያቺ ሌዘር ገና ጡረታ አልወጡም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ጉዳይ አለ። የሰው ሕዋስ የሚልከው መልእክት በኖረበት አገር፣ በበላው፣ በጠጣው ውኃና በያዘው ተሕዋስ የሚለወጥ ከሆነ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ደም ላይ ብቻ የተሠራ መለኪያ ለጎንደር ገበሬ ወይም ለመርካቶ ነጋዴ ሙሉ በሙሉ አይሆነውም። የለንደኑ አደጋ ያስተማረው የጦጣው ሕዋስ የሰው ሕዋስ አለመሆኑን ነው። የአንዱ አገር ሰው ሕዋስም ከሌላው አገር ሰው ጋር በሁሉም ነገር እንደማይመሳሰል የአዲስ አበባና የረሆቮት ጥናቶች አሳይተዋል። ክትባትና መድኃኒት በሚፈተንበት ጊዜ የእኛ ደም በጠረጴዛው ላይ ካልኖረ የሚጎዳው እኛው ነን።

ፍሎው ሳይቶሜትር መግዛት ብቻውን አይበቃም። ፀረ እንግዳ አካላቱ ከውጭ የሚመጡ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ፣ በቅዝቃዜ ካልተጓዙ የሚበላሹ ናቸው፤ ጉምሩክ ላይ የሚያድር ዕቃ የወራት ሥራ ይዞ ይሞታል። የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ለእነዚህ ዕቃዎች የተለየና ፈጣን መግቢያ ቢያበጁ ትልቅ ውለታ ይሆናል። መሣሪያውን የሚጠግን ባለሙያም በአገር ውስጥ መሠልጠን አለበት።

ለአንባቢም አንድ ቃል አለኝ። መነጻጸሪያ የሚሆነው የታመመ ሰው ደም ብቻ አይደለም፤ የጤነኛው ደም ከሌለ የታመመው ምን እንደጎደለው አይታወቅም። አንድ የምርምር ተቋም ለጥናት አሥር ሚሊሊትር ደም እንድትሰጡ ሲጠይቃችሁ የሥነ ምግባር ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ፤ ደሜ ምን ይደረግበታል፣ ወደ ውጭ አገር ይላካል ወይ፣ ውጤቱን ማን ያውቀዋል ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልገባችሁ ወይም ካላመናችሁበት እምቢ የማለት መብት አላችሁ። መልሱ ካረካችሁ ግን ስጡ።